ለስጦታው ደም የተላኩ ሽማግሌዎች

ትርንጎ ልጅዋን አዝላ ከሩዝ ማሳ ስትመለስ ሦስት ሽማግሌዎች ደጅዋ ላይ ቆመው አገኘች። የመጡት በልጅዋ ደም ውስጥ ላለች አንዲት ልጃገረድ ነበር።

ወሩ መስከረም ነው። የፎገራ ሜዳ ገና ውሃውን ጠጥቶ አልጨረሰም፤ ከዋናው መንገድ እስከ ትርንጎ ቤት ያለው ጭቃ ሰውን እስከ ባቱ ይውጣል። የሽማግሌዎቹ ጫማ ግን ንጹሕ ነበር። ትርንጎ ይህን ልብ ያለችው ወለሉን በዚያው ሰሞን ስለለቀለቀችው ነው፤ ከዚያ ወዲህ የሚመጣውን ሰው ሁሉ ማየት የምትጀምረው ከእግሩ ነበር። ጋቢያቸው ነጭ ነው። ከዘራቸውን ተደግፈው እንደ ቁመታቸው ተደርድረዋል።

አግዳሚውን አወጣችና በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላቸው።

«አረፍ በሉ አባቶቼ።»

«ጉዳያችን ሳያልቅ አንቀመጥም፣ ልጄ» አሉ መካከለኛው።

«ባለቤቴ የለም። መተማ ሰሊጥ ላይ ነው።»

«እናውቃለን። አንቺ ትበቂናለሽ።»

«ታዲያ ለማን ነው? እኔ ያለኝ ወንድ ነው። እሱም ጥርስ አላበቀለም።»

«ለሱ አይደለም። በደሙ ውስጥ አንዲት ልጅ አለች። ለአቅመ ሔዋን ደርሳለች። ለልጃችን ልንጠይቃት ነው የመጣነው።»

ትርንጎ አልገረማትም ማለት አይቻልም፤ ግን ነገሩ ጨርሶ እንግዳ አልሆነባትም። በነሐሴ ልጅዋ ስጦታው በትኩሳት እንደ እሳት ነዶ ነበር። የጤና ኤክስቴንሽኗ ማስተዋል ተረከዙን ወግታ ደሙን መመርመሪያዋ ላይ ብታንጠባጥበው ሁለት ቀይ መስመር ወጣ፤ ወባ ነው። ኪኒኑን በጡት ወተት በጥብጠው አጠጡት፤ ትኩሳቱም ለቀቀው። ከዚያ በኋላ ግን ትርንጎ ጆሮዋን ሆዱ ላይ በለጠፈች ቁጥር የሆነ ጸጥታ ይሰማት ጀመር። ሰዎች ሲያወሩ ቆይተው ሌላ ሰው ሲገባ ዝም እንደሚሉት ያለ ጸጥታ ነው።

«ልጄ እኮ ድኗል» አለች።

«ድኗል። ያሳመሙት ሌሎቹ ናቸው፤ እነሱን መድኃኒቱ ጠርጓቸዋል። ልጃገረዶች ሰው አያሳምሙም። ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ እንጂ።»

«ምን?»

«ባል።»

ስጦታው ጀርባዋ ላይ አነጠሰ። ሦስቱም ሽማግሌዎች «ይማርሽ» አሉ፤ ለእሱ እንዳልሆነ ገባት።

«ሰርጉ እዚህ ቤት አይደለም» አሉ መካከለኛው፣ የፈራችውን እንዳወቁ ሁሉ ድምፃቸውን ለስለስ አድርገው። «ዳሱ የሚጣለው በቢንቢ ሆድ ነው። ወንድና ሴት የሚገናኙት እዚያ ነው እንጂ ሰው ደም ውስጥ አይጋቡም፤ ሥርዓታችን አይደለም። አንቺን የሚያስቸግር ነገር የለም።»

«ከሰርጉ በኋላስ?»

«ከሰርጉ በኋላማ መልስ አለ።»

«መልሱ ወደ ማን ነው?»

ሽማግሌው እንደ ሞኝ አዩዋት። «ወደ ሙሽራዋ ቤት ነዋ። መልስ ወዴት ይሄዳል ታዲያ?»

«ሁለቱ ብቻቸውን?»

«ሙሽሮች ብቻቸውን መልስ ሲሄዱ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ትርንጎ እጅዋን ወደ ኋላ ልካ የልጁን እግር ያዘች። በነሐሴ ሞት ደጁ ድረስ መጥቶበት ነበር። ያን ጊዜ የመጡት ጥቂት መሆናቸውን አሁን ተረዳች።

«ብከለክልስ?» አለች።

«የከለከሉ ቤቶች አሉ። ከእነዚያ ቤቶች ጠልፈው የሄዱም አሉ። እኛ ግን ቃል ሳናገኝ አንወስድም።»

«እንግዲያስ ላስብበት።»

እጅ ነስተው ሄዱ። ጭቃው ውስጥ ገብተው ሲሄዱ ትንሽ እንኳ ድምፅ አልተሰማም።

ከሸምበቆ አጥሩ ወዲያ የምትኖረው ጎረቤቷ ዝማም ሰፌድ ላይ ሩዝ ታንገዋልላለች። ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ ያገቡላት፣ ምላሷ ግን ከማንም ጋር ያላገባ ሴት ናት። ትርንጎ የሆነውን ሁሉ ስትነግራት እጅዋን ሳታቋርጥ አዳመጠች።

«እኔ ቤትም መጥተው ነበር» አለች።

«መቼ እታለም?»

«አምና መሰለኝ። ደምሽ አርጅቷል፣ ልጃገረድ አያሳድግም አሉና ሄዱ። ሰደቡኝ ማለት ነው። እሱስ ይሁን፣ ውሃ እንኳ ሳይጠጡ።»

«ምን ልበላቸው?»

ዝማም ገለባውን እፍ አለችው። «እምቢ ካልሽ ይጠልፋሉ። እሺ ካልሽ መልስ ብለው ግር ብለው ልጅሽ ላይ ይሰፍራሉ። ዘር ይቆጠር በያቸው።»

«ኧ?»

«ዘር ይቆጠር፣ እስከ ሰባት ቤት። እኔ ስንቱን ጋብቻ ያፈረስኩት በዚሁ ነው። የወንድሜ ልጅ ያንን ቀጥቃጣ ልታገባ ስትል አምስተኛው ቤት ላይ በአንዲት አክስት ጣልኩት። አክስትየዋ መኖሯንም እርግጠኛ አይደለሁም።»

«እነዚህ እኮ ሰው አይደሉም እታለም።»

«ሽማግሌ ልከው የለ? ሽማግሌ የላከ ዘሩን ይቆጥራል።»

ይህ ለትርንጎ ልክ ሆኖ ታያት።

እሑድ ተመልሰው መጡ። በዚያው ተራ ቆሙ። አግዳሚው ወጣላቸው፤ አልተቀመጡም። ትርንጎ ልጁን ዝማም ጋ ትታ ስለመጣች እጅዋን የምታደርግበት ጠፋት፤ በመጨረሻ ወገቧ ላይ አደረገችው።

«ዘር ይቆጠርልኝ» አለች።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

«በኛ ዘንድ ተቆጥሮ አያውቅም» አሉ አጭሩ።

«ካልተቆጠረ የምሰጠው ልጅ የለኝም።»

መካከለኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መልካም። ልጃችን የተወለደው በሐምሌ ከርብ ወንዝ ዳር በተነሣች ቢንቢ ነው።»

«ልጅቷስ?»

«ልጅቷም በሐምሌ ነው።»

«ከየት በተነሣች?»

«ከርብ ዳር።»

«አንዲት ናት ወይስ ሁለት?»

ሽማግሌው ወደ ሩዙ አዩ። «አንዲት ናት» አሉ።

«ልጁ አሁን የት ነው የሚኖረው?»

«እዚሁ ስጦታው ዘንድ። በግራ ጎኑ በኩል።»

«ልጅቷስ?»

«በቀኝ ጎኑ በኩል።»

ትርንጎ እስከዚያ ቀን ድረስ ስትፈራ ብቻ ነበር። አሁን ፍርሃቷን ትታ ተቆጣች። «ወንድምና እህት ልታጋቡ ነው ሽማግሌ ሆናችሁ የመጣችሁት? እኔ ቤት? ገና ከመጀመሪያው ቤት ተገናኝተው? ነውር የሚባል ነገር አታውቁም?»

ያፍራሉ ብላ ጠበቀች። አላፈሩም። እስካሁን አንድ ቃል ያልተነፈሱት ሦስተኛው ሽማግሌ ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩና፣ ለብዙ ዘመን የጠፋባቸውን ዕቃ ያገኙ ይመስል በቀስታ መናገር ጀመሩ።

«አንድ ሰው ላይ አንድ ዘር ብቻ ሲገባ ሌላ ምን ይደረጋል። ወንዱ ከጎኑ ያለችውን ያገባል። መፈለግ የለ፣ መሮጥ የለ፣ ከሌላ ጎረምሳ ጋር መጋፋት የለ። ሰነፉም ያገባል፣ ዓይነ ስውሩም ያገባል፣ የትም የማይደርሰውም ያገባል። ልጆቻችን የፈዘዙት ለካ ለዚህ ነው።»

«የፈዘዙበትን እናንተ ታውቃላችሁ» አለች ትርንጎ። «ከዘመድ ከሆነ ደጄን እንዳትረግጡ።»

«ከባዕድ ከሆነስ?»

«ከባዕድ ከሆነ ማን ይከለክላል» አለች፣ ሰው ነገር ለመዝጋት እንደሚለው።

ሦስቱም ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ቃል ነው» አሉ መካከለኛው። «እናመሰግናለን ልጄ። ይህን ሕግ እስከ ዛሬ የነገረን አልነበረም።»

ዝማም ይህን ስትሰማ ሰፌዱን አስቀምጣ ሳቀች። «አመስግኖ የተባረረ ሽማግሌ አይቼ አላውቅም» አለች። ትርንጎም ሳቀች። ከወንድም ከእህት ሌላ ማንም በሌለበት የልጅዋ ደም ውስጥ ባዕድ ከየት ይመጣል? ምስጋናቸው ግን ጥርስ መሀል እንደቀረ ነገር ሆነባት። ልጁን ስታጠባም፣ ሽንት ጨርቅ ስታጥብም አብሯት ነበር።

ጥቅምት ሲገባ ሕጉ ቀበሌውን አዳርሶት ነበር። ሽማግሌዎቹ ከቤት ቤት እየዞሩ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ «ዘመዳሞች ናቸው» እያሉ የራሳቸውን ጋብቻ ያፈርሱ ነበር። ሴቶቹ ይህን የሚያወሩት ቦኖው ጋ ጀሪካን ሲያሰልፉ ነው። «የኔዎቹ ማዶ ድረስ ሄደው ባዕድ ሲፈልጉ ሰነበቱና ሳያገኙ ቀሩ» ትላለች አንዷ። «የኔዎቹ ደጃፍ ላይ ተጣሉ» ትላለች ሌላዋ። ወባውም ቀለል አለ። በየዓመቱ በዚህ ሰሞን ሞልቶ የሚፈሰው ጤና ኬላ ባዶ ዋለ፤ ማስተዋል በሩ ላይ ተቀምጣ ሹራብ ጀመረች።

«ያንቺ ሕግ ነው አሉ» ብለው ትርንጎን ከሰልፉ ፊት አስቀደሟት። አንዲት እናት ጀሪካኗን ተሸከመችላት።

ትርንጎ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። እሷ ግን ማታ ማታ ጆሮዋን ስጦታው ሆድ ላይ ታደርግና ታዳምጣለች። ጸጥታው ልዩ ሆኗል። በፊት ተቀምጠው የሚጠብቁ ሰዎች ጸጥታ ነበር፤ አሁን ቆመው የሚጠብቁ ሰዎች ሆነ።

በወሩ ማለቂያ ሰሞን ልብስ ልታሰጣ ወጥታ ዞር ስትል ሦስት ሰዎች ደጅዋ ላይ ነበሩ። ሲመጡ አላየቻቸውም። ሽማግሌ እንዳይባሉ ጢማቸው ጥቁር ነው፤ ከዘራ ይዘዋል፤ ግን አልተደገፉትም።

«የበፊቶቹስ?» አለች።

«አልፈዋል» አለ የፊተኛው። «ልጆቻቸውም አልፈዋል። እኛ የተረፍነው ነን።»

«ከምን የተረፋችሁ?»

«ካንቺ ሕግ።» ዝናብ መጣ ብሎ እንደሚናገር ሰው ነበር የሚያወራው። «ከእህቱ በቀር ማግኘት የማይችል ሁሉ ሳይወልድ ቀረ። ብዙ ነበርን፤ አለቅን ማለት ይቻላል። የተረፈው ባዕድ ልጃገረድ በጨለማ የሚለይ፣ ከመቶ ጎረምሳ ቀድሞ የሚደርስ፣ ከደረሰም የማይለቅ ብቻ ነው። እሱም የወለደው እንደ ራሱ ያለውን ነው። የዚያ ልጅም እንዲሁ። አሁን በኛ ውስጥ ሰነፍ የለም። ስምሽ በክብር ይነሣል።»

ትርንጎ የያዘችው ልብስ ጭቃው ላይ ወደቀ። አላነሣችውም።

«ለልጅቷ ባዕድ አግኝተንላታል» አለ ሰውየው። «ከመተማ ነው። ቆጥረናል፤ በሰባት ቤት አይደለም በሰባም ቤት አይገናኙም።»

«በማን ነው የሚመጣው?»

«በባለቤትሽ ደም። ሐሙስ ይገባል። አንዲት ቢንቢ ከሁለቱም ትቀምሳለች፤ ዳሱ ያ ነው።»

«ቃሌን መልሱልኝ።»

ሰውየው ከልቡ አዘነላት። «ቃልሽን እኮ ሁሉም ቤት ወስዶታል፤ ከየት ከየት ለቅመን እንመልስልሽ?»

በዚያው ልጁን ጠቅልላ ጤና ኬላ ሄደች። ማስተዋል ሹራቧን አስቀመጠች።

«ወባ ወንድና ሴት አለው?» አለቻት ትርንጎ።

«አለው። የሚገናኙት በትንኟ ሆድ ውስጥ ነው።»

«እሱንስ ነግረውኛል። ሰርጉን የሚያስቀር ነገር አለሽ ወይ?»

ማስተዋል ማን እንደነገራት አልጠየቀችም። ለመጋባት የደረሱትን የሚያመክን አንድ ኪኒን አለ፤ አዋቂ አንድ ጊዜ ይውጠዋል፤ ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን ግን አይሰጥም አለቻት። «ባልሽ ከቆላ ሲመጣ ቤት ሳይገባ ወደኔ አምጪው። ሙሽራውን እዚሁ እንጨርሰዋለን።»

ትርንጎ ከሰው አፍ እንዲህ ያለ ጥሩ ነገር ከሰማች ቆይታ ነበር።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ ስጦታውን ዝማም ጋ አስቀመጠችው። «ከአጎበር እንዳታወጪው፤ ለማንም እንዳትሰጪው» አለቻት። «እኔ ልጅ አሳድጌ አላውቅም መሰለሽ» አለች ዝማም። ትርንጎ አስፋልቱ ዳር ሄዳ ቆመች። ከመተማ በኩል የሚመጡ መኪኖች አለፉ። ሰሊጥ አጫጆች ከነማጭዳቸው ወረዱ፤ ባሏ እንየው ግን ከነሱ ጋር የለም። ፀሐይዋ ወደ ጣና በኩል አዘቀዘቀች። አንዱ አጫጅ የእንየውን ስም ሲሰማ፣ «እሱማ ርብ ድልድይ ላይ ወርዶ በአቋራጭ ሄደ። ልጄ ናፈቀኝ ብሎ መንገድ ሙሉ አላስተኛንም» አላት።

ሮጠች። ጭቃው አንዱን ጫማዋን ወሰደው፤ ትታው ሮጠች።

እንየው ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ከስቷል፤ የዓይኑ ነጭ ወደ ቢጫ ሄዷል፤ ግን እየሳቀ ነበር። ስጦታው ጭኑ ላይ ሆኖ የአባቱን ጢም ይጎትታል። ቀኑ መሽቶ ነበር፤ ያ ቢንቢ ከሩዙ የሚነሣበት ሰዓት ነው።

«ምነው ጫማሽ?» አላት። «እኔ አዲስ ጫማ ለሱ አመጣሁ፤ አንቺ በባዶ እግርሽ ትዞሪያለሽ?»

ትርንጎ ልጁን ነጥቃ አገላበጠችው። ጉንጩ ላይ ትንሽ ቀይ እብጠት አለ። ቀና ብላ አየች፤ የባሏ አንገት ላይም አለ።

«እሷን ነው?» አለ አንገቱን እያከከ። «አንዲት ቢንቢ ሁለታችንንም ስማን ሄደች። አገሩ እንኳን ደህና መጣህ ያለኝ በዚህ ነው።»

ዝማም ከአጥሩ ወዲያ ቆማ ነጠላዋን ታጣጥፋለች። «አባት ልጄን ስጪኝ ሲል ምን ልበለው ትርንጎዬ» አለች።

«ወዴት ሄደች?» ብላ እንየውን ጠየቀችው።

«ማን?»

«ቢንቢዋ።»

«የቢንቢ መንገድ ማን ያያል?»

ከኋላው ጨለም ካለው ጥግ ከዘራ ተነሥቶ ወደ ሩዙ አመለከተ። ሦስቱ ሰዎች አግዳሚው ላይ ነበሩ። ተቀምጠዋል።

በማግሥቱ እንየው ኪኒኑን ዋጠ። «እኔ ደህና ሰው» እያለ ነው የዋጠው፤ መረረውና ፊቱን አጨማደደ። ማስተዋል የልጁን ጉንጭ አየችና ሲያተኩሰው በሌሊትም ቢሆን አምጪው አለች። ትርንጎና ዝማም ጨርቅ ይዘው ግድግዳውን፣ ጣራውን፣ የከብቱን ቤት አሰሱ። ያገኙትን ቢንቢ ሁሉ ገደሉ። ዝማም አንዷን ጨፍልቃ መዳፏን ወደ ብርሃን አወጣችና አየችው። «ዳስ አይመስልም» አለች።

ሰዎቹ ከአግዳሚው አልተነሡም። አያስቸግሩም፤ ምግብ አይጠይቁም፤ ዶሮ ሲመጣባቸው እግራቸውን ያነሡላታል። እንየው ሰላም ይላቸዋል። ትርንጎ አንድ ጠዋት ፊታቸው ቆመች።

«ጋብቻውን ማፍረስ አይቻልም?»

«ሁለቱ እኮ አንድ ሆነዋል» አለ የፊተኛው። «አሁን የትኛውን ከየትኛው ትለያለሽ?»

«መልሱ መቼ ነው?»

«ልጆቹ ሲደርሱ።»

«ስንት ናቸው?»

«በፊት፣ በእህትና በወንድም ጊዜ፣ ከአንድ ዳስ የሚወለደው አንድ ቤት ቢሞላ ነው። አሁን ግን…» ወደ ሜዳው ተመለከተና አልጨረሰውም።

ትርንጎም ወዳየበት አየች። ሩዙ እስከ ጣና ድረስ ቢጫ ሆኗል። በመሀሉ እዚህም እዚያም ያሉት ቤቶች ይታያሉ። በየቤቱ ደጃፍ አግዳሚ ወጥቷል፤ በየአግዳሚውም ላይ ነጭ የለበሱ ሰዎች ተቀምጠዋል።

ከዚያ በኋላ ቦኖው ጋ ከሰልፉ ፊት ያስቀደማት የለም።

ትርንጎ ልጁን ይዛ ለመሄድ ወሰነች። እናቷ ያሉት ከደብረ ታቦር በላይ ነው፤ ብርድ ነው፤ ቢንቢ የሚባል አይደርስበትም። እንየው መጀመሪያ «ሩዙ ሳይታጨድ?» አለ። ከዚያ ፊቷን አየና ተወው። «ነገ ጎህ ሲቀድ ትወጣላችሁ» አለ። ከባለ ባጃጁ ጎረቤት ጋር ሊነጋገር ሲሄድ ገና ፀሐይ ነበረች። ትርንጎ የልጁን ልብሶች በዘንቢል አደረገች። አዲሶቹን ጫማዎችም አደረገች። እሳቱን አጠፋች። ነገ በዚህ ሰዓት ብርዱ ውስጥ ሆና ልጁን ጋቢ ስታለብሰው ታያት።

ድምፁ የተሰማት ዘንቢሉን ስታስር ነው። ከሩቅ ነው። ባጃጁ መሰላትና ወጣች። ባጃጅ አልነበረም። ቀጭን ነው፤ ከሩዙ በላይ እየሰፋ ይመጣል፤ እንደ ዘፈን ከፍ ዝቅ ይላል። ሦስቱ ሰዎች ከአግዳሚው ተነሡ። ጋቢያቸውን አስተካከሉና አንዱ በግራ ሁለቱ በቀኝ ሆነው በሩ ላይ ቆሙ፤ እንግዳ እንደሚቀበል ቤተሰብ።

«መጡ» አለ የፊተኛው።

ትርንጎ ገባችና በሩን ዘጋች። የበሩን ሥር በጋቢ ደፈነች፤ የመስኮቱን ስንጥቅ በሽንት ጨርቅ ደፈነች። ልጁን ይዛ አጎበሩ ውስጥ ገባች፤ ጫፉን በሙሉ ዙሪያውን ከፍራሹ ሥር ከተተችው። ቀና ስትል በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል ያለው ክፍተት ታያት። በቀበሌው ውስጥ ያ ክፍተት የሌለው ቤት የለም።

ዘፈኑ ቤቱ ድረስ መጣ። ከዚያ ድንገት ሁሉም በአንድ ጊዜ ዝም አሉ፤ የሙሽራ አጀብ በር ላይ ደርሶ ግቡ እስኪባል ዝም እንደሚለው።

ግቡ ያለ ሰው የለም።

አንዷ ቢንቢ አጎበሩ ላይ አረፈች። ቀጥሎ ሌላዋ። ክብደት የላቸውም፤ ድምፅ የላቸውም። ነጩ አጎበር መጀመሪያ አመድ መሰለ፤ ከዚያ ጠቆረ፤ ከዚያ ከቆርቆሮው ሥር ባለው ክፍተት ትገባ የነበረችው የመጨረሻ ብርሃን ጠፋች። ትርንጎ ልጁን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው። እንቅልፍ ይዞት ነበር፤ አሁን ነቅቷል። አላለቀሰም። ክንዱን አወጣና መዳፉን በአጎበሩ መረብ ላይ ከውስጥ አደረገ።

ከውጭ ያሉት ተንቀሳቀሱ። ከየጥጉ እየተነሡ ወደዚያች ቦታ መሰብሰብ ጀመሩ፤ የአጎበሩ ሌላው ክፍል ሁሉ መልሶ ነጣ። ከመረቡ ወዲያ የቀረችው አንዲት ትንሽ ጥቁር እጅ ብቻ ናት፤ ልክ የስጦታውን ያህል፤ ጣቶቿ እንደሱ ጣቶች የተዘረጉ።

ትርንጎ ክንዱን ይዛ ሳበች። አልመጣም።

ጥቁሯ እጅ ጣቶቿን አንድ በአንድ በልጁ ጣቶች መሀል አሳልፋ አጠፈች።